የተቀቀለ ምላጭ

መምህር ባስልኤልን ተማሪዎቹ «ቲቸር ጀርም» ይሉታል። ከሸኮ ከተማ ወጣ ብላ ቡና ውስጥ በተደበቀችው ትምህርት ቤታችን ሳይንስ የሚያስተምረው እሱ ነው፤ እኔ ከጎኑ ባለው ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ግድግዳው ጣውላ ስለሆነ ስለ ጀርም ያልሰማሁት የለም። ቡና ለቅመው እጃቸው እንደተጣበቀ የሚመጡትን ልጆች በር ላይ አቁሞ ያስታጥባቸዋል። «ስለት ያለው ነገር ሰውነት ከመንካቱ በፊት ምን ይደረጋል?» ሲል «ይቀቀላል!» ብለው ጣራውን ያናጉታል።

ካስተማራቸው ሁሉ ጎበዙ ከፈለኝ ነበር። ስምንተኛን ሳይጨርስ አቋርጦ የአባቱን ሙያ ያዘ። የአባቱ ሙያ እንጥል መቁረጥ ነው። እዚህ ሕፃን ሲያስለውና ጡት አልይዝ ሲል «እንጥሉ ወርዷል» ይባልና ይቆረጣል። አባትየው በዛገ ምላጭ ስለሚቆርጥ ብዙ እናቶች ይሸሹት ነበር። ከፈለኝ ግን ምላጩን ይቀቅላል፣ እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ ጓንት ያጠልቃል። የሸሹት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ደጁን አጣበቡት። ትምህርት ፍሬ አፈራ ማለት እንግዲህ ይህ ነው!

ባስልኤል ሰምቶ ሊቆጣው ሄደ። ከፈለኝ ወንበር አቀረበለትና ድስቱን ከፍቶ የሚፈላውን ምላጭ አሳየው።

«እንዳስተማሩን ነው፣ ቲቸር።»

«መቁረጡ ራሱ ነው ጥፋቱ!»

«እሱን ክፍል ውስጥ አልነገሩንም።»

እውነቱን ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው የአፍ ሥዕል ምላስንና ጥርስን በቀስት ያሳያል፤ እንጥል ላይ ቀስት የለም። ባስልኤል ያን ቀን ተናዶ ተመለሰ፣ ነገሩም አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያው ቀረ።

እሱና ሚስቱ ሆሳዕና ስንት ዓመት ጠብቀው ያገኟት ልጅ ሩሐማ ትባላለች። ኅዳር ላይ ባስልኤል ለመምህራን ሥልጠና ሚዛን ሄደ። ሆሳዕና ቡና ለቀማ ስትውል ሕፃኗ የባስልኤል እናት ወይዘሮ አስካለች ዘንድ ትቀራለች። ሳል ያዛት፣ ጡትም እንቢ አለች። ወይዘሮ አስካለች አዝለዋት ወጡ። «ሌላ ሰው ዘንድ መች ወሰድኳት? የልጄ ተማሪ ዘንድ ነው እንጂ» ይላሉ እስከ ዛሬ።

ደሙ አልቆም አለ። በሞተር ሳይክል ወደ ሚዛን ሲያከንፏት መንገድ ላይ አለፈች። ባስልኤል ሥልጠናውን ጥሎ ወጥቶ ከተማው መግቢያ ላይ ተቀበላት። ሥልጠናው ስለ ንጽሕና አጠባበቅ ነበር።

ከፈለኝ ለቅሶ መጣ፤ ሌላው ቢሆን አገር ጥሎ ይጠፋ ነበር። ባስልኤል እግር ሥር ተንበርክኮ «ቲቸር፣ በእግዚአብሔር ስም፣ በደንብ ቀቅዬው ነበር!» እያለ አለቀሰ። አንገቱን አንቄ ላወጣው ተነሳሁ። ባስልኤል ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ። ከአርባዋ በኋላ ከወረዳ በድምፅ ማጉያ ሊያስተምሩ መጡ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከፈለኝ ታሰረ። ወይዘሮ አስካለችና ሆሳዕና አንድ ቤት ውስጥ ሳይነጋገሩ ይኖራሉ።

ባስልኤል ወደ ክፍል በተመለሰ ቀን በጣውላው በኩል ድምፅ ስላጣሁ ወጥቼ በመስኮት አየሁ። ሰሌዳው ላይ የተከፈተ አፍ ሥሏል። መሐል ጉሮሮው ላይ የተንጠለጠለችውን ትንሽ ነገር በቀይ ጠመኔ ቀብቶ፣ ቀስት አውጥቶላት «እንጥል» ብሎ ጽፏል።

«በሉ፣ አፋችሁን ከፍታችሁ እርስ በርሳችሁ ተያዩና አሳዩኝ» አለ።

ልጆቹ እየተሳሳቁ ተያዩ። ቀስ በቀስ ሳቁ ቆመ።

«ቲቸር፣ ባምላኩ የለውም።»

«አንቺስ? አንቺም የለሽም!»

ባስልኤል በየዴስኩ እየዞረ፣ ጎንበስ እያለ አያቸው። የሚበዙት የላቸውም። ተመልሶ ሰሌዳው ሥር ቆመና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው ትዝታ መምህሯ በመከፋቱ አዘነችና ልታጽናናው ብድግ አለች።

«አይዞዎት ቲቸር» አለችው። «የእኛ ምላጭ የተቀቀለ ነበር።»