መርዶ ይዤ ኤግዚቢሽን

ያለምዘውድ አፏን ከከፈተች ወሬዋ ከሁለት ሰው አያልፍም፦ አዲስ አበባ ካለው ወንድሟ ከአሳምነውና ከልጇ ከሐኒ። አሳምነው እናት አባት በሌለበት ያሳደጋት ሰው ነው። ሐኒን ደግሞ እሷ ብቻዋን፣ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ አጠገብ አልባኒ ውስጥ የሰው ሽማግሌ እያጠበችና እያበላች አሳደገቻት። ልጅቱ ነርስ ትሆናለች ሲባል የክርና የጨርቅ ሥራ ተምራ አረፈችው። ያለምዘውድ አንድም ቀን አልተቆጣቻትም፤ በእሷ ፈንታ የተናደድኩት እኔ ጓደኛዋ ነኝ።

አሳምነው ረቡዕ ሞተ። የሐኒ ኤግዚቢሽን ሳን ሆዜ የሚከፈተው ዓርብ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ በማለዳ ቤት ድረስ ሄዶ ነው። ስለዚህ የልጇን ቀን አይታ ትምጣና ቅዳሜ ጠዋት እንንገራት ተባለ። ከኦክላንድ ማን ይውሰዳት ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምን ነክቷቸው እንደሆነ አላውቅም፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው እኮ ለእንደኔ ዓይነቷ ነው።

መኪና ውስጥ እንደገባን፣ "ስልኬ ቻርጅ ጨርሷል፣ ማፑን ባንቺ ላድርግ" ብዬ፣ ማንም ደውሎ እንዳያረዳት ስልኳን ወሰድኩባት። ፍሪዌይ ላይ ቨርጂኒያ ካሉት ዘመዶቿ ተደወለ። ዘጋሁት። ደግሞ ተደወለ።

"ማነው?" አለችኝ።

"ስካም ነው ባክሽ፣ አጭበርባሪዎች።"

ከዚያ በኋላ ስለ ትራፊኩ ስለፈልፍ ደረስን።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከጣሪያ የተንጠለጠለ ገመድ፣ በየግድግዳው የተወጠረ ክር፣ ወይን የያዘ ሰው። ሐኒ ሥራዋን ትልቁ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፦ የእናቷ ነጠላ፣ ዳር ዳሩ በቀይ የሱፍ ክር የተጠለፈ። ሳየው ክው አልኩ። ጥለቱ ወደ ላይ ነው! ነጠላ እንዲያ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው። እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ ቀለሙ ከፍ ብሎ ቢታይ ያምራል ብላ እንጂ ምኑን አውቃ!

ያለምዘውድ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

"ጽጌ፣ ነጠላዬ ተዘቅዝቋል።"

"ልጅ አይደለች? ላይና ታቹን የት ታውቀዋለች!" ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴም ቀፈፈኝ።

ዞራ ፊቴን አየችው። ቀጥላ እጄ ላይ ያለውን የራሷን ስልክ አየች።

"አሳምነው ነው?"

ክንዷን ያዝኩ። እሪ ብላ አዳራሹን ልታናውጠው ነው፣ የልጅቷ ቀን በእኔ ፊት ምክንያት ገደል ገባ ብዬ ፈራሁ። በዚያው ቅጽበት ሐኒ ከወዲያ ማዶ አየችን። "ማም! ከም ሂር፣ ፒክቸር!" እያለች እጇን ታወዛውዛለች።

ያለምዘውድ ክንዷን ከእጄ አስለቀቀች።

"ሆድ ይፍጀው" አለችኝ በሹክሹክታ። "ዛሬ ቀኗ ነው። ትንፍሽ እንዳትዪ።"

ሄዳ ነጠላው ሥር ከልጇ ጎን ቆመች። ካሜራው ሲነሳ ፈገግ አለች። እኔ ግን እንባዬን መያዝ አቅቶኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

"ላይክ አደረግሽው እማዬ?" ስትል ሰማኋት ሐኒ።

"በጣም" አለች ያለምዘውድ። "እንደሰቀልሽው ይቆይ። ማንም እንዳያዞረው።"