የዩለስን ባሎች ያስኮረፈው ወፍ

ይርጉን የማያውቅ የቴክሳሷ ዩለስ ከተማ አበሻ የለም። በሳምንት አምስት ቀን ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከዳላስ ወደ ደቡብ ነድቶ፣ በሕግ የተከለለ ኮረብታ ላይ ወፍ ሲጠብቅ ይውላል። በነጻ! ሚስቱ ሆሳዕና ይህን የሰማች ለት ሦስት ቀን አኩርፋዋለች፤ ከእኔ አልሰማችሁም።

ኮረብታው የተማሪ ቤት ጠመኔ ተፈጭቶ የተከመረበት ይመስላል፤ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ወፍጮ ቤት የዋለ ነው የሚመስለው። እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ጥቁር ቆብ ያጠለቀና ነጭ መነጽር ያደረገ የሚመስል ብርቅ ወፍ ከሚስቱ ጋር ጎጆ ሠርቷል። በዚህ ዓመት የተገኘው ጎጆ እሱ ብቻ ነው፤ እንቁላሉም ሦስት። የቦታው ኃላፊ ይርጉን፣ "ጫጫታ ከበዛ ጥለውት ይሄዳሉ" ብላ አስጠንቅቃዋለች። ሶ፣ ይርጉ እዚያ ሲሆን ሳሉን እንኳ ይውጣል።

አንድ ቅዳሜ ሁለት ቫን መጥቶ ፓርክ አደረገ። የቸርች የጸሎት ቡድን እናቶች ወረዱ፤ አሥራ ስምንት ናቸው፣ ከፊት እትዬ ከበቡሽ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሊጸልዩ ነው የመጡት። እትዬ ከበቡሽ ደግሞ ማይክሮፎን አያውቁም፤ ከዳላስ ወዲያ ማዶ ሳክሲ ከተማ ቆመው ቢጸልዩ ዩለስ አሜን ይላል።

ይርጉ ቁልቁል ሮጠ። "እትዬ፣ በእናትዎ፣ ዛሬ ቀስ ብለው ይጸልዩ። ወፏ እንቁላል ታቅፋለች።"

"ጌታን በሹክሹክታ? ሐሜት ነው እንዴ!"

"ከደነገጠች ጥላው ትጠፋለች። ሌላ ጎጆ የለንም።"

እትዬ ከበቡሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይርጉ ጨነቀው። "ይልቅ ባሏን አይተውታል?" አለ።

አሥራ ስምንቱም ዞሩ። "ባሏ ምን ሆነ?"

"ተራ ገብቶ ይታቀፋል።"

"ምኑን?"

"እንቁላሉን ነዋ።"

"ሂድ፣ ውሸታም!" አለች ከእናቶቹ አንዷ ሰርካዲስ፤ ድምጿን ግን ዝቅ አድርጋ።

ጎጆው ከተከለለበት ገመድ ውጪ ነጩ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው የይርጉን አቅራቢ መነጽር ይቀባበሉ ጀመር። ሃያ ደቂቃ ኮሽታ የለም። ከዚያ ባለ ቆቡ ከተፍ አለ። ሚስት ብድግ ብላ በረረች፤ ባል ገብቶ፣ ስልክ እንኳ ሳያይ፣ ተመቻችቶ ታቀፈ።

እትዬ ከበቡሽ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "አርባ ዓመት ተሸውጃለሁ" አሉ፤ እሱንም በሹክሹክታ።

ጎጆው ተረፈ፤ ሦስቱም ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ይርጉን ግን ወንዶቹ ሰላም ማለት ተዉ። በየቤቱ ሳህን የሚያጥበው፣ ልብስ የሚያጥፈው ባል በዝቷላ! በሳምንቱ የእትዬ ከበቡሽ ባል ጋሽ ሀይሌ ኮል አደረጉለት።

"ስማ፣ ያን ወፍ ወደ ሌላ ስቴት ትራንስፈር ማስደረግ አይቻልም?"

"አይቻልም ጋሼ። በሕግ የሚጠበቅ ወፍ ነው።"

"እኛንስ ማን ይጠብቀን?"

ከወዲያ የልጅ ልጃቸው ለቅሶዋን አቀለጠችው። ጋሽ ሀይሌም መልስ ሳይጠብቁ፣ ጡጦ ሊያሞቁ ስልኩን ዘጉ።