ስክሪኑ ላይ ያልታየው የአደራ ስንዴ

ማክሰኞ። እስከ ረፋድ የተጫነ ስንዴ አርባ ኩንታል። ከዚህ ውስጥ አስሩ የእኔ አልነበረም።

የኦቦ ቶላ ነው፤ ለዘር ብለው መጋዘኔ በአደራ ያስቀመጡት። መኪናው ደግሞ ወደ ዱቄት ፋብሪካ ሊሄድ ሞተሩን አስነስቷል።

ኦቦ ቶላ በሩ ላይ ቆመው "እነዚያ ጆንያዎች የእኔ ምልክት አለባቸው" አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ያስፈራኝ እሱ ነው።

ሾፌሩን ሞተር አስጠፍቼ ወደ ኮምፒውተሩ ሄድኩ። ስክሪኑ ላይ የሚሸጠው እህል በግራ፣ የአደራው በቀኝ መታየት ነበረበት። የአደራው ክፍል የለም።

ጸሐፊዬ አልማዝ "አደራ የሚል ስላላየሁ ስንዴውን በሙሉ ጫኑ አልኳቸው" አለች።

ፕሮግራሙን የሠራችው ልጄ ሌንሳ ናት። አዲስ አበባ ደወልኩላት።

"አባዬ፣ የስክሪኑን ቀኝ ጠርዝ በማውሱ ያዝና ወደ ግራ ጎትት።"

ጎተትኩ። የኦቦ ቶላ ስም ከነስንዴው ብቅ አለ። ለካ አልማዝ ጠዋት የሽያጩን ክፍል ልታሰፋ የመሃሉን መስመር ስትገፋ፣ የአደራውን ጨርሳ ዘግታዋለች።

"በደርግ ጊዜ አንድ ሱቅ ለሦስት ስንካፈል የሚገፋ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነበረን" አልኳት ሌንሳን። "ማንም ጎረቤቱን ገፍቶ እንዳያስወጣ ወለሉ ላይ ማቆሚያ እንጨት መታን።"

"እኔም ለመሃሉ መስመር ማቆሚያ ዛሬውኑ እመታለታለሁ" አለች።

ኦቦ ቶላ ጆንያዎቹ ሲወርዱ አንድ በአንድ አዩ። "ኮምፒውተርህን ዓይኑን አሳክመው" ብለውኝ ሄዱ።

የእናንተስ ኮምፒውተር ምን ደብቆባችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ።

ነገ ጠዋት የኦቦ ቶላን ዘር ጊንጪ ቤታቸው ማድረስ።