በተራራው ላይ የለካሁት ጥላ

ገዳሪፍ ዙሪያው ሜዳ ነው። ከጥቂት ኮረብቶች በቀር ጥቁሩ አፈር የሰሊጥና የማሽላ ቃርሚያ ተሸክሞ እስከ መፋዛ፣ እስከ ቁረይሻ ይዘረጋል። በዚህ ሜዳ ላይ ለማገለግለው ሕዝብ ስለ ተራራ ማስተማር ይከብደኝ ነበር። በደብረ ዘይት እሑድ ጌታችን በተራራው ተቀምጦ ስለ ጦርነትና ስለ ጦርነት ወሬ ለደቀ መዛሙርቱ የነገራቸውን ስተረጕም፣ ጦርነቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከካርቱም ሸሽቶ በትምህርት ቤት ግቢ የሚያድረውን ሰው በየቀኑ ያያል። ተራራውን ግን እዚህ ተወልደው ያደጉት አያውቁትም። ስለዚህ በስብከቱ መጨረሻ፣ «በሚመጣው ዓርብ ከሰላ ሄደን ተራራ ላይ እንጸልይ» አልኩ። ዓርብ በሱዳን የዕረፍት ቀን ነው፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ከዒድ በዓል ጋር ስለ ተገናኘ ሠራተኛው ሁሉ ነጻ ነበር። ለእኛ ግን የዐቢይ ጾም እኩሌታ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ እሺ ያለኝ አንድ የንስሐ ልጄ ነው፤ የስሜን ጃናሞራ ተወላጅ፣ በቁረይሻ ሰሊጥ እያጨደ የሚኖር፣ አርባ ዓመት ያልሞላው ሰው። ኃጢአቱ በእኔና በእግዚአብሔር መካከል የተዘጋ ነው። ቀኖናውን ግን እርሱ ራሱ ለጓደኞቹ ነግሯቸዋል፤ ጾሙን ሁሉ ከእሑድና ከቅዳሜ በቀር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምስ እንዲቆይ ወስኜበት ነበር። ለሌሎቹ የቀን ሠራተኞች ስለ ሙቀቱ በስድስት ሰዓት ውኃ ፈቅጄላቸዋለሁ። በእርሱ ላይ ያጠበቅሁት እኔ ቀኖናን የተማርኩት በደጋ ስለ ሆነ ነው። በደጋ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ርኃብ ነው። እዚህ ሌላ ነገር መሆኑን ሃያ ዓመት ኖሬበት አላሰብኩትም።

ጎሕ ሲቀድ ዐሥራ ሁለት ሆነን ተነሣን። በየኬላው ወረቀት እየታየ፣ ስም እየተጠራ፣ ከኸሽም ኤል ቂርባ አጠገብ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆምን። በጥዋቱ ወጥተን እንወርዳለን ያልነው ተራራ እግር ስንደርስ ፀሐይ በአናታችን ላይ ነበረች።

የከሰላ ተራራ ስሜንን አይመስልም። አፈር የለውም፣ ሣር የለውም፤ ራሱን ለሐዘን እንደ ተላጨ ሰው ልሙጥና ክብ ሆኖ ከሜዳው ድንገት ይቆማል። በሥሩ ቶቲል የሚባል ውኃ አለ፤ ከእርሱ የቀመሰ ተመልሶ ይመጣል ይላሉ። ለዒድ የወጣው ሕዝብ በጥላው ሁሉ ምንጣፍ ዘርግቷል። ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ፤ ዝንጀሮዎች ከሕፃናት እጅ ብስኩት ይነጥቃሉ፤ ከካርቱም የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ማንንም ሳያናግሩ ድንጋዩን እያዩ ይቀመጣሉ።

በከሰላ ሱቅ ያለው የጎንደር ሙስሊም ነጋዴ፣ የቆየ ወዳጄ፣ አዲስ ጀለቢያ ለብሶ ጠበቀን።

«አባ፣ እንኳን አደረሰህ ይበሉኝ እንጂ!»

«እንኳን አደረሰህ። ጾሙ ቀለለህ?»

«የእኛስ አለቀ። ማለቂያ የሌለው የእናንተ ነው።» ወደ ጃናሞራው ሰው ዞረ፤ «አንተስ፣ ተራራ አየህ?»

«ይኼማ ድንጋይ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ላይ ፍየል ነው የምናስርበት።»

«እሺ፣ ፍየሏ ስትወጣ እናያለን!»

ሁሉም ሣቀ። ነጋዴው ግን እኔን ወደ ጐን ወሰደኝና፣ «በዚህ ሰዓት አገሬው አይወጣም፣ አባ። ሲበርድ ይውጡ» አለኝ። ከመሸ በኬላዎቹ እንደማያሳልፉን ነገርኩት። እውነት ነበር። ያን ሁሉ ሰው ይዤ መጥቼ ሳልወጣ መመለስ ማፈሬም እውነት ነበር።

በተራራው ሥር ጸሎቱ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ከዚያ ሌሎቹ ውኃ ጠጥተው ወጣን፤ ነጋዴውም ተከተለን። ጃናሞራው መጀመሪያ ፊት ፊት ይሄድ ነበር። አጋማሹ ላይ ስንደርስ ከተማው፣ የደረቀው የጋሽ ወንዝ አሸዋ፣ የሙዝና የሎሚ አትክልቱ ከበታቻችን ታዩ። አገራችን በየት በኩል እንደ ሆነች ጠየቀኝ፤ ወደ ደቡብ አመለከትኩት። ከአቧራ በቀር የሚታይ አልነበረም።

«አባ» አለኝ ቆሞ፣ «ከቀኖናዬ ይፍቱኝ። ራሴን እየዞረኝ ነው።»

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰው ቆሞ ጥላውን በራሱ እግር እየሰፈረ ሰዓት ያውቃል፤ ለየወሩ የተወሰነ የእግር ቍጥር አለ፤ ከቀትር በኋላ ጥላው ያን ያህል ሲረዝም ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ጫማዬን አውልቄ በጋለው ድንጋይ ላይ ሰፈርኩ።

«ሁለት እግር ይቀራል» አልኩት።

«ሁለት እግር ስንት ነው?»

«ጥቂት ነው። ታገሥ።»

«እሺ» አለ።

ነጋዴው ስልኩን አወጣ። «በስልኬ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ አባ።»

«የስልክ ሰዓት መንግሥት ሲያሻው የሚያዛውረው ሰዓት ነው» ብዬ መለስኩለት።

ጥቂት እንደ ሄድን ጃናሞራው ተቀመጠ። ላቡ ደርቋል። «በሬዎቹ ወደ ገደሉ ናቸው፤ መልሷቸው እንጂ!» ይል ጀመር።

«ይፍቱት!» ብሎ ጮኸ ነጋዴው፤ «ወላሂ ይሞትብዎታል!»

«ፈትቼሃለሁ፣ ልጄ፣ ጠጣ!» አልኩ። አልሰማኝም። ጥርሱን ነክሶ ስለ ነበር ውኃው በአንገቱ ፈሰሰ።

በነጋዴው ጥምጣምና በእኔ ጋቢ አዝለን፣ ቁልቁል እየተንሸራተትን አወረድነው። አንዲት የካርቱም ሴት ማንነቱን ሳትጠይቅ ለልጆቿ የያዘችውን በረዶ ደረቱ ላይ ዘረገፈችው። መኪና እስኪመጣ በደልዳላው መሬት ላይ ቆሜ ሳለሁ ጥላዬን አየሁት፤ ረዝሞ ሄዷል። ያን ጊዜ ገባኝ። ሽቅብ ስንወጣ ፀሐይ ከኋላዬ ነበረች፤ ጥላዬም ወደ ላይ በሚወጣው ድንጋይ ላይ ወድቆ አጥሮ ነበር። ጥላ በደልዳላ ስፍራ እንጂ በዳገት እንደማይሰፈር መምህሬ አስተምረውኛል። ይፍቱኝ ባለኝ ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ውኃው በሕጉም የተፈቀደለት ነበር።

ዐሥር ቀን በሐኪም ቤት ቆየ። ኩላሊቱ ተጎድቷል፤ መድኀኒቱም መሣሪያውም በጦርነቱ ምክንያት ጥቂት ነው። ሐኪሙ ያዘዘው አንድ ነገር፣ ከንጋት ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ውኃ እንዲጠጣ ነው። ወደ ገዳሪፍ አምጥተን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለች ክፍል አስተኛነው። በኒቆዲሞስ ሳምንት ረቡዕ በአምስት ሰዓት ስገባ በራስጌው ያለውን ጣሳ አልነካውም።

«ለምን አትጠጣም?»

«ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።»

«ፈትቼሃለሁ አልኩህ እኮ።»

«አዝነውልኝ ነው። ያኔ ስለምንዎት አልፈቱኝም፤ አሁን ስላዘኑ ቀኖናው ይቀራል?»

ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኩት፤ ጥላውን፣ ዳገቱን፣ ሰዓቱ አልፎ እንደ ነበር።

«እንግዲያ ያኔ ከተሳሳቱ» አለኝ በቀስታ፣ «ዛሬ አለመሳሳትዎን በምን ልወቅ?»

ቅዳሴው በስድስት ሰዓት ይገባል። በገዳሪፍ የቀረነው ካህናት ሁለት ብቻ ነን፤ ያለ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ቅዳሴ አይሠራም፤ ውኃ የቀመሰ ካህንም አይቀድስም። ይህን እርሱም ያውቃል። ጣሳውን አነሣሁና በፊቱ ጠጣሁ።

ከመኝታው ተነሣ። «አባ! ቅዳሴውስ?»

«ዛሬ የለም። አንተ ጠጣ።»

ቀድቼ ሰጠሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጠጣ፤ ግማሹን ትቶ መለሰልኝ።

«ነገስ?» አለኝ።

ወጥቼ ለሁለተኛው ካህን ነገርኩት። ልብሰ ተክህኖውን ለመልበስ አውጥቶት ነበር፤ አጥፎ መለሰው። በዐውደ ምሕረቱ ሕዝቡ ቆሟል፤ ሕፃን ለማቍረብ ያመጣች እናትም አለች። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ውዳሴ ማርያም ደግመን አሰናበትናቸው። ከዚያ የተረፈውን ግማሽ ጣሳ እንዲጨርሰው ይዤ ወደ ክፍሏ ተመለስኩ።