ጳጉሜን የማያውቅ ኮምፒዩተር

ዘንድሮ ጳጉሜ ሁለት ቀን ለእንቁጣጣሽ ቤት ሳጸዳ፣ የአባቴን የንድፍ ብዕሮች የያዘችው የብስኩት ቆርቆሮ ከቁም ሳጥኑ ላይ ወድቃ ተከፈተችና የደረቀ ቀለም ሽታ ቤቱን ሞላው። ከብዕሮቹ ሥር አንዲት ጥቁር ፍሎፒ ዲስክ ነበረች፤ ላይዋ ላይ በአባቴ ቀጥ ያለ የነዳፊ እጅ ጽሑፍ «ከተማችን፤ አይነካ» ተብሎባታል። መወልወያውን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የንድፍ ሠራተኛ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ አለቃው እንዲለማመድበት ብሎ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ለአንድ ዓመት አዋሰው፤ ያንን ከባድ ስክሪን በጋቢ ጠቅልሎ፣ አቅፎ፣ የመካኒሳን ጭቃ እየመረጠ ሲመጣ ጎረቤቶቻችን የታመመ ልጅ ይዞ የመጣ መስሏቸው እየተሯሯጡ ወጡ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከተማ የሚገነባበት ጨዋታ ነበር፣ እኔና እሱም በየማታው ከራት በፊት ጎን ለጎን ተቀምጠን የራሳችንን መካኒሳ መሥራት ያዝን፤ እሱ መንገድ ያሰምራል፣ እኔ ቤት እተክላለሁ። ክረምት ሲገባ በእውነተኛው ሰፈራችን ጫማችንን በእጃችን ይዘን እንሄዳለን፤ በዚያኛው ግን አስፋልቱ በየቀኑ ወደ ደጃችን ይቀርብ ነበር።

የኮምፒዩተሩ ባትሪ ሞቶ ስለነበር በከፈትነው ቁጥር የዕለቱን ቀን ይጠይቃል። አባቴ ደግሞ ቀን ማለት የእኛ ቀን ነው ባይ ነውና መስከረምን አንደኛ ወር፣ ነሐሴን አሥራ ሁለተኛ አድርጎ ይሞላለት ነበር። ጥቅምት ሠላሳ ላይ ማሽኑ እንዲህ ያለ ቀን የለም አለ፤ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር አጭር ናት። አባቴ ስቆ አጠፋውና በማግስቱ ቀጠልን። ዓመቱ አልቆ ጳጉሜ ሲገባ ግን ሳቅ የለም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ ቢጽፍ፣ ደግሞ ቢጽፍ፣ ማሽኑ አልቀበልም አለ። ኮምፒዩተሩ መስከረም ሁለት ወደ መሥሪያ ቤት እንዲመለስ ታዟል፣ አስፋልቱ ደግሞ ደጃችን ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል።

መላውን ያገኘሁት እኔ ነበርኩ፤ ቀኑን ባዶ ትቶ ኢንተርን መጫን ነው፣ ማሽኑ የራሱን ቀን ለጥፎ ያልፋል። እየተኩራራሁ አሳየሁት። ጎበዝ ብሎ ራሴን ዳበሰኝና መልሶ አጠፋው።

«የኔ ልጅ፣ ባልዋልኩበት ቀን አልፈርምም» አለኝ። «በቀኑ የዋሸ በመንገዱም ይዋሻል።»

አባቴ አንዴ ካለ አለ ነው። አምስቱን ቀን እኔ አኩርፌ ስዞር እሱ የቀረውን መንገድ በወረቀት ላይ ሲነድፍ ከረመ፣ እናቴም በሁለታችን ሳቀች። የመስከረም አንድ ለት ጓደኞቼ እቅፍ አደይ ይዘው ሲጠሩኝ ሥራ አለብኝ ብዬ መለስኳቸው፤ ያን ያህል ትልቅ ሰው ሆኜ አላውቅም። አባቴ 1-1-1989 ብሎ ሲጽፍ ማሽኑ ቃል ሳይተነፍስ ተቀበለ። እናቴ መብራት እንዳይጠፋ አምፖሉን ሽቅብ እያየች ስትማፀን፣ እኛ ወረቀቱን እየተከተልን ከምሳ በፊት አስፋልቱን ደጃችን አደረስነው። ዲስኳ ላይ አስቀመጥነውና አባቴ በብዕሩ ጫፍ የዲስኳን ትንሽ መስኮት ገፍቶ ከፈተ፤ ከዚያ ወዲያ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልባትም።

ዘንድሮ እሷን ለማስነሣት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከአንድ ኮምፒዩተር ጠጋኝ የዲስክ ማንበቢያ ለመንኩ፣ ላፕቶፔን አሮጌ ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም ጫንኩ፣ ጨዋታው መጀመሪያ እንደ እብድ በረረ፣ ቀጥሎ ጮኸ፣ በመጨረሻ ከተማችን አንድም ቤት ሳይጎድልባት ብቅ አለች። ልጄ ሳባ 1989ን የፈረንጅ ዓመት መስሏት ፋይሉ ከራሱ ከጨዋታው በዕድሜ ይበልጣል ብላ ተገረመች፤ ነገሩን ደረቴን ነፍቼ አጫወትኳት። ላስቀምጥ ስል ግን እምቢ አለኝ፤ አባቴ የከፈታት መስኮት እስከ ዛሬ ትጠብቃለች። እሷን አልነካሁም። ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩና አሁን ከራሷ ከዲስኳ ሳስነሣው እንደ ድሮው ማሽን ቀን ጠየቀኝ። ዕለቱ ጳጉሜ አራት ነበር።

«እማዬ፣ ዝም ብለሽ ኢንተር በይው» አለችኝ ሳባ።

«ባልዋልኩበት ቀን አልፈርምም» አልኳትና ላፕቶፑን ከደንኩት።

የመስከረም አንድ ለት ጠዋት 1-1 ብዬ ዓመቱን ስጽፍ ማሽኑ ተቀበለኝ። መካኒሳ ያለው ቤታችን ፈርሶ ፎቅ ሆኗል፤ በደጃችን እውነተኛው አስፋልት ያልፋል፣ አባቴ ግን ሳያየው ሄደ። እኔ ከድሮው ደጃችን ተነሥቼ አሁን ወደምንኖርበት ወደ ፉሪ፣ እስከ ካርታው ጫፍ፣ መንገድ አሰመርኩ፤ ሳባ ቤት ተከለች። አስቀመጥነው፣ ተቀመጠም። ከቆርቆሮው አንድ ብዕር አውጥቼ የአዲሷን ዲስክ መስኮት ገፋሁ፣ ላይዋ ላይም «ከተማችን፤ አይነካ» ብዬ ጻፍኩባት። በሥራዬ ኮራሁ፤ ሁለቱን ዲስኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን የእኔ ጽሑፍ ወደ ታች ያዘነብላል፣ እንደ እሱ ቀጥ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ቤታችን ውስጥ የለም።