ወደ ኋላ የሚመልሱ ሁለት ነጥቦች

በአሰበ ተፈሪ የነበረው ፒያኖ አንድ ብቻ ነው። ከአንድ ባለመሬት ቤት ተወርሶ በቀበሌው አዳራሽ ጥግ ቆሞ ነበር። መጫወት የምትችለውም ሳህሊቱ ጎበዜ ብቻ ነበረች። በግብርና ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ናት። በልጅነቷ ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ ስታድግ ማዳም ኤሌኒ የምትባል የግሪክ ሴት አስተምራታለች። እኔ ስለ ሙዚቃ የማውቀው ነገር የለም። የምጽፈው ጎረቤቴ ስለነበረች ያየሁትን ጥቂት ነገርና ሰዎች የነገሩኝን ነው፤ ከተሳሳትኩ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በ1970 ሐምሌ ወንድሟ ዘገየ፣ የሂርና መምህር፣ ተይዞ የከተማችን ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ጣቢያው ከአዳራሹ ጀርባ ነው። ሳህሊቱ በየቀኑ ምሳ ታደርስለታለች። ሣህኑ ባዶውን ሲመለስላት ዘገየ መኖሩን ታውቃለች። ምግቡ እንዳለ የተመለሰለት ቤተሰብ ግን ሰውየው ከዚያ መወሰዱን ከመረዳት በቀር የሚያገኘው ነገር አልነበረም። ወዴት ተብሎ አይጠየቅም።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ ካድሬው ጓድ በለጠ አስጠራት። ከምሥራቅ ጀርመን እንግዶች ይመጣሉና የጀርመን ሙዚቃ እንድትጫወት አዘዛት። "በዓሉ በደንብ ካለፈ የወንድምሽን ጉዳይ እናየዋለን" አላት።

በልምምዱ ቀን የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሳ ወደ መነሻው ስትመለስ ጓድ በለጠ እጁን አነሣ።

"ተሳሳትሽ እንዴ?"

"አልተሳሳትኩም ጓድ። ኖታው ላይ ሁለት ነጥብ አለ። ተመልሰሽ ድገሚ ማለት ነው።"

"የሰማነውን?"

"አዎ።"

"ማን ነው ያዘዘው?"

"ሙዚቃውን የደረሰው ሰውዬ።"

"በሕይወት አለ?"

"ድሮ ነው የሞተው።"

"እንግዲያው አይከስሽም፤ ዝለዪው። አብዮት ወደፊት ነው የሚሄደው።"

ካድሬው ሲወጣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሀሚድ ወደ ፒያኖው ጠጋ አለ። "እህቴ፣ እሱ ራሱ በስብሰባ አንዱን መፈክር ስንቴ ነው የሚያስደግመን? እነዚያን ሁለት ነጥቦች ምላሱ ላይ ነው የለጠፉበት" አላት። ሳቀች። ወዲያው ግን ካድሬው የወጣበትን በር አየች።

ማዳም ኤሌኒ ስታስተምራት፣ በመጀመሪያው ዙር ሰው የሚሰማው ተጫዋቹን ነው፣ ሙዚቃውን የሚሰማው በሁለተኛው ነው ትላት ነበር። ሳህሊቱም ይህን ታምንበታለች። ድግግሞሹን ስትዘል ሁለተኛው ክፍል በር ሳያንኳኳ እንደሚገባ ሰው ይሆንባት እንደነበር ለሀሚድ ነግራዋለች። ቢሆንም የወንድሟ ነገር ነውና ለመዝለል ወሰነች።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ የቀረ እንደሚጠየቅ በጡሩንባ ተነግሮ ነበር። ሳህሊቱ እንደታዘዘችው ሳትደግም ተጫውታ ጨረሰች። ተጨበጨበ፣ መፈክር ተባለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ተነሥቶ በአስተርጓሚው በኩል፣ "እጅግ ግሩም ነው። ነገር ግን ድግግሞሹ ለምን ተዘለለ? ያለ እሱ ሥራው ጎዶሎ ነው። እንደተጻፈው እንደገና ብትጫወትልን?" አለ።

ሁሉም ጓድ በለጠ ይቆጣል ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን ሰዓቱን አየና ፈገግ አለ።

"ትድገመው! ሁሉንም ትድገመው። አትቸኩዪ ጓዲት፣ ረጋ ብለሽ።"

ሀሚድ ይህን ሲነግረኝ፣ "ቁጣውን ለምጄዋለሁ፤ የደነገጥኩት ደግነቱን ሳይ ነው" ብሎኛል።

ሳህሊቱ ጀመረች። ሁለቱ ነጥቦች ላይ ደርሳ ወደ መነሻው ስትመለስ ከጣቢያው ግቢ የከባድ መኪና ሞተር ተነሣ። ዘበኞች ዋናውን በር ዘጉ። ሙዚቃው ዝቅ በሚልበት ቦታ ላይ ከግቢው የእስረኞች ስም ሲጠራ ሰማች። አንድ ስም፣ ከዚያ ሌላ። አትቸኩዪ የተባለችው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባት። የእስረኞቹ እናቶችና ሚስቶች ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው እሷን እየሰሙ ነበር።

በእንግዶች ፊት ካቋረጠች ቃል የተገባላት ነገር ያበቃል። ከቀጠለች ደግሞ፣ ዘገየ ከሚጫኑት አንዱ ከሆነ፣ ነገ ምሳው እንዳለ ይመለስላታል፤ የት እንደወሰዱትም አታውቅም። እስከ ሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ተጫወተች። እዚያም ወደ ኋላ የሚመልሱ ሁለት ነጥቦች አሉ። እሷ ግን እጇን አንሥታ ቆመች። ሕዝቡ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ፤ ለመፈክር ተነሥቶ ግራ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ሽማግሌው ጀርመናዊ ብቻ ድግግሞሹን እየጠበቀ ተቀምጦ ቀረ። በተዘረጉት እጆች መካከል ካድሬው ሳያያት ከፒያኖው ኋላ ባለችው ትንሽ በር ወጣች።

መኪናው መንቀሳቀስ ጀምሯል።

"ዘገየ!"

ከሸራው ሥር ከተቀመጡት አንዱ አንገቱን ቀና አደረገ። እሱ ነው። የታሰሩትን እጆቹን አነሣላት። መኪናው ወደ አዲስ አበባ ሳይሆን በሂርና በኩል ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ታጠፈ።

በማግስቱ ጧት ሳህሊቱ ምግቡን ይዛ የሐረር አውቶቡስ ተሳፈረች። አጠገቧ ልብስ ነጋዴዋ ዙለይኻ ተቀምጣ ነበር፤ ሳህሊቱ በመንገድ ያጫወተቻትንም የቀረውንም የነገረችኝ እሷ ናት። ሂርና ኬላ ላይ አንድ ወታደር ገባና፣ "ፒያኖ የምትመታዋ የትኛዋ ናት?" አለ። ሳህሊቱ ምግቡን ከጭኗ አንሥታ ዙለይኻ ጭን ላይ አስቀመጠች።

"ሐረር እስር ቤት በር ላይ ዘገየ በይልኝ።"

"የአባቱስ ስም?"

"ጎበዜ። ከተቀበሉሽ አለ ማለት ነው።"

"ወላሂ አደርሳለሁ። አብሽሪ እህቴ።"

ሳህሊቱ ወረደች፤ አውቶቡሱም ሄደ። ሐረር ላይ ምግቡን ተቀበሉ፤ ሣህኑም ባዶውን ተመለሰ። ዙለይኻ ይህን ልታበስራት ስትመለስ ሂርና ላይ ወርዳ ያንኑ ወታደር፣ "ትናንት ያወረድካት ሴት የት አለች?" ብላ ጠየቀችው።

"እዚህ የወረደች ሴት የለችም" አላት።