ጎሚስታ ቤታችንን ለሁለት የከፈሉት ራፐሮች

ሸሕዲ ውስጥ፣ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከጓደኛዬ ጋር ጎሚስታ ቤት ነበረን። ቤት የምለው ለክብሩ ነው እንጂ አራት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ፀሐይ በሚመጣበት በኩል ደግሞ አሮጌ ሸራ ነበር። ኮምፕሬሰሩ የእኔ ነው፤ አጎቴ የእርሻ ሥራ ሲተው የሰጠኝ። ክሪኩ፣ የቡሎን መፍቻዎቹና ጎማ የምንፈለቅቅባቸው ብረቶች የእሱ ነበሩ። እሱ ጎማውን ያወጣል፣ ቀዳዳውን አብረን እንደፍናለን፣ አየሩን እኔ እሞላለሁ። አንዳችን ያለ ሌላችን ሥራ አልነበረንም።

እሱ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው። እኔ ከደጋ ወርደው ኮኪት አጠገብ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ ሰዎች ልጅ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ አስቀመጡን፤ ከዚያ ወዲህ ረመዳንን ከእሱ ጋር በግማሽ ልብ ስጾም፣ እሱም ፋሲካን ከእኛ ቤት ሳይቀር አደግን።

ራፕን ያመጣብን አንድ የከባድ መኪና ረዳት ነው። ጎማው እስኪሠራ ቢሰለቸው ዘፈን የሞላበት ሚሞሪ ካርድ ከስልኬ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ ስልኬ ሲያገላብጥ ዋለና የሁለት አሜሪካውያን ራፐሮችን ዘፈን ትቶልን ሄደ። ስማቸውን አልጠራም፤ ያኔም ቢሆን በትክክል አንጠራውም ነበር። እኔ የወደድኩትን ፈጣኑ፣ እሱ የወደደውን ዝግተኛው እንላቸው ነበር። ፈጣኑ አፉን ሲከፍት ኩንታል ተቀዶ ማሽላ የሚንዠቀዠቅ ይመስላል። ዝግተኛው ግን አጠገብህ ተቀምጦ፣ አንተን ብቻ እያየ የሚያወራ ሰው ነው።

ክርክሩ እንደ ቀልድ ተጀመረ። በምድር ላይ ከተነሱት ራፐሮች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው? እኔ ፈጣኑ በአንድ ትንፋሽ ስንት ቃል እንደሚያወጣ በጣቴ እቆጥራለሁ። እሱ «ፍጥነትማ ባጃጅም አለው» ይለኛል። ሾፌሮች ገቡበት፤ ረዳቶች ገቡበት። ሰሊጥ ለማጨድ ከጎጃም የወረዱ የቀን ሠራተኞች ጥላው ሥር ቆመው መኪና ሲጠብቁ ወገን ይይዙ ጀመር። አንድ የወሎ ሰው ሾፌር ብቻ «ሁለቱም ቢሆኑ ካገሬ አዝማሪ እግር ሥር አይደርሱም» አለ፤ ያኔ እኔና ጓደኛዬ አንድ ላይ ሆነን ተነሣንበት።

እንዲህ ስንል አንድ ዓመት ያህል ኖርን። ከዚያ በሚያዝያ፣ አስፋልቱ ከጫማ ሥር በሚለሰልስበት ሰዓት፣ የአንድ አይሱዙ የኋላ ጎማ ላይ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ሳለ ክርክሩ እንደ ወትሮው ተነሣ።

«አንተ እኮ እሱ ከሚለው አንዲት ቃል አታውቅም» አለኝ። ሳቅ አልነበረበትም።

እውነት ስለነበረ ነው መሰለኝ ደሜ ፈላ። «ያንተውስ? የለቅሶ ቤት አልቃሽ አይደል? ጧት ማታ ሲያላዝን ነው የሚውለው። አንተም ከእሱ ጋር ስታላዝን ትውላለህ» አልኩት።

አባቱ ከሞቱ ገና አራት ወር አልሞላቸውም ነበር። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ግን በዚያች ሰዓት ዘፈኑንና የአባቱን ሞት አላገናኘኋቸውም። ስለ ዘፈን የምናወራ መስሎኝ ነበር።

ጓደኛዬ የጀመረውን ቡሎን አጥብቆ ጨረሰ፣ መኪናውን ከክሪክ አወረደ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ በማዳበሪያ ከረጢት ከተተና አስፋልቱን ተሻግሮ ሄደ። በማግስቱ ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቴ፣ ሸራ ወጥሮ አገኘሁት።

እንግዲህ አየር እዚህ፣ ክሪክ እዚያ ሆነ። ጎማ የፈነዳበት ሾፌር ማዶ ያስወልቃል፣ ቀዳዳውን ያስደፍናል፣ ጎማውን እያንከባለለ አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ እኔ ይመጣል፣ አየር ያስሞላል፣ መልሶ ያንከባልላል። እኔ ፈጣኑን ከፍ አድርጌ እከፍታለሁ፤ እሱ ዝግተኛውን ከፍ አድርጎ ይከፍታል። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ተራገሙ። አንዱ ጢሙ የሸበተ ሰው ጎማውን መሐል አስፋልት ላይ አቁሞ «እናንተ ልጆች፣ እናት አባት የላችሁም?» አለን። እኔ ወደ ጓደኛዬ አየሁ፤ እሱ ወደ መሬት አየ። ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ጨቀየ፣ ትራክተሮች ወደ እርሻ ወረዱ፤ እኛ ግን ዝም እንደተባባልን ነበርን። ብዙ ጊዜ ልሻገር ተነሥቼ ተቀምጫለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበር።

ያስታረቀን አንድ ጎማ ነው። አንድ ረዳት የከባድ መኪና ጎማ ከማዶ ወደ እኔ ሲያመጣ ጭቃ ላይ አዳለጠውና ለቀቀው። ጎማው ቁልቁለቱን ይዞ ወረደ፤ ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ሸሸ፤ በመጨረሻ አንድ ጨርቅ ቤት በር ገንጥሎ ገባ። ባለቤቱ ሐጂ ከስግደት ሲመለሱ ጎማውን በጣቃዎቹ መሐል ተጋድሞ አገኙት። ሐጂ የጓደኛዬ አባት የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። አልጮኹም። ሁለታችንንም አስጠሩና «እሑድ ከሰዓት እዚህ ትመጣላችሁ» አሉን፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እሑድ ስንደርስ ከሱቁ ጓሮ፣ ኒም ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል። ሐጂ ብቻቸውን አልነበሩም። አባቴን የሚያውቁ፣ ከኮኪት የመጡ ሽማግሌ ገበሬ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው በሠርግና በደቦ ላይ በፉከራ የታወቁ ነበሩ፤ አሁንም ሲናገሩ አንድ እጃቸው ዱላ እንደያዘ ሰው ይነሣል።

«በምን ተጣላችሁ?» አሉ ሽማግሌው።

እኔና ጓደኛዬ ተያየን። ለአምስት ወር ያህል ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ቆይተን ያ የመጀመሪያው ነበር። በሁለት ሽማግሌዎች ፊት «በራፐር» ማለት ከባድ ነው።

«በዘፋኝ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«በዘፋኝ ሚስት?» አሉ ሐጂ።

«ኧረ በራሱ በዘፋኙ ነው ሐጂ። የማን ይበልጣል ብለን።»

ሐጂ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ይሳቁ ይዘኑ አልታወቀኝም። ሽማግሌው ግን ነገሩን እንደ ድንበር ክርክር ነው የያዙት። «እንግዲህ ምስክር ሳይሰማ አይፈረድም፤ አሰሙን» አሉ።

ስልኬን ድምፁ ጎላ እንዲል ባዶ የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ አስቀመጥኩና ፈጣኑን ከፈትኩ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። መሐል ላይ ጉልበታቸውን መታ መታ ማድረግ ጀመሩ። ዘፈኑ ሲያልቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼ ፎካሪ ነው። ትንፋሹን ከየት እንደሚስበው እንጃ፤ ግን ፎካሪ ነው» አሉ። ደረቴ አበጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ይላል?»

ስልኬን ድስቱ ውስጥ አስተካከልኩ።

«በማን ላይ ነው የሚፎክረው? ምን አድርጎት ነው?»

«አላውቅም አባባ» አልኩ። «እንግሊዝኛው ይፈጥንብኛል።»

ጓደኛዬ አልሳቀብኝም። ሊስቅብኝ ይችል ነበር፤ ለዚያች ሰዓት ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ቀጥሎ የእሱ ተከፈተ። ያ ዝግ ያለ ድምፅ ከድስቱ ውስጥ ወጣ። ሽማግሌው በዚህኛው ጉልበታቸውን አልመቱም። «ይኼስ?» አሉ።

ጓደኛዬ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እያቆመ፣ አንድ አንድ መስመር ይተረጉም ጀመር። በደብተር ጽፎ፣ በስልክ መዝገበ ቃላት እየፈለገ ለብቻው ሲያጠናው እንደከረመ ያኔ ነው ያወቅኩት። ሰውየው ስለ አባቱ ነው የሚያወራው። አባቱ ከሞተ በኋላ ጫማው በር ላይ እንደነበረ ቀረ ይላል። ወደ ቤቱ የሚመጣ ሁሉ ጫማውን አይቶ አባትህ አሉ? ይለዋል። ጫማውን አንሥቼ ላስቀምጥ እላለሁ፣ እጄ ግን እምቢ ይለኛል ይላል። ጓደኛዬ እዚህ ሲደርስ ዘፈኑን አቆመውና አልቀጠለም።

የአባቱን ነጠላ ጫማ እኔም አይቼዋለሁ። ከቤታቸው ደጃፍ፣ በቀኝ በኩል፣ ተረከዙ የተበላ ቡናማ ጫማ። ከቀብሩ ወር ካለፈ በኋላ ቤታቸው ስሄድ በእግሬ ገፋ አድርጌው ገብቻለሁ። ያኔ የማን እንደሆነ እንኳ ልብ አላልኩም።

ሐጂ ዕንባቸውን በጀላቢያቸው እጅጌ ጠረጉ። ሽማግሌው ወደ እኔ ተመለከቱና «አንተ ልጅ፣ ምን ብለኸው ነበር?» አሉኝ።

«አልቃሽ ብዬዋለሁ።»

«ማንን? ዘፋኙን ወይስ ይኼን?»

«ሁለቱንም።»

ማንም ተነሥ ሳይለኝ ተነሣሁ። ጓደኛዬ እግር ላይ ልወድቅ ስጎነበስ ትከሻዬን ይዞ አቆመኝ። «ተው፣ ተው» አለኝ። «አንተ ተሸክመኸዋል እኮ።» አባቱን ማለቱ ነው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ምን እንደምናደርግ ጠፋንና ስልኩን ከድስቱ ለማውጣት እኩል ጎነበስን።

ሽማግሌዎቹ መረቁን። ምርቃቱ ሲያልቅ ግን ሽማግሌውን ገበሬ አላስቻላቸውም። «ነገሩ እንዳለ ሆኖ፣ በሙያ በሙያ ከሆነ የሚበልጠው ፎካሪው ነው» አሉ።

«ምን ሲደረግ?» አሉ ሐጂ። «ሰውን ያስለቀሰው ማን ሆነና?»

«ማስለቀስማ ሽንኩርትም ያስለቅሳል ሐጂ።»

እኛ ቀስ ብለን ተነሥተን ስንወጣ ምንጣፉ ላይ ክርክራቸውን ቀጥለው ነበር። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ለገበያ በመጡ ቁጥር ሐጂ ሱቅ ጎራ ብለው ሻይ እየጠጡ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ አንድም ቀን አልተኳረፉም።

ጓደኛዬ ሰኞ ዕለት ከረጢቱን ተሸክሞ ተመለሰ። የማዶው ሸራ ጥቂት ቀን ባዶውን ሲውለበለብ ቆይቶ ነፋስ ወሰደው። በሥራ መሐል ፈጣኑን መስመር በመስመር ይተረጉምልኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ስለ መኪናውና ስለ ወርቁ ነው። አንዱን ዘፈንማ ግማሹን ከተረጎመልኝ በኋላ «ይኼን አንጨርሰው፤ ያሳፍራል» ብሎኝ ተውነው። ቅር ብሎኛል፤ ግን መውደዴን አልተውኩም። ዛሬም የከባድ መኪና ጎማ ስፈለቅቅ እሱን ነው የምከፍተው፤ ክንድ ያበረታል።

ጓደኛዬ አግብቶ ከሚስቱ ቤተሰቦች አጠገብ ሳንጃ ገብቷል። የራሱን ኮምፕሬሰር ገዛ፤ እኔም የራሴን ክሪክ ገዛሁ። መንገዱ በሚዘጋባቸው ወራት አንተያይም፤ ኔትወርክ ሲገኝ እንደዋወላለን። ባለፈው በጋ ደውሎ የሳንጃ ልጆች አሁን በሌላ፣ ገና ጢም ባላወጣ ራፐር እንደሚጣሉ ነገረኝ። ዘፈኑን ላከልኝና ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

«እህ፣ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ምን እንደሚል ሳትነግረኝ አልፈርድም» አልኩት።

ሊተረጉምልኝ ጀመረ፤ ሁለት መስመር እንደሄደ መኪና መጣበትና ስልኩን ዘጋው።